«ሊንኩ እምቢ አለኝ»

ባለፈው ነሐሴ የአክስቴ ልጅ ከቢታ ገነት ደወለችልኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው በስልኩ ውስጥ ይሰማኛል። «ጋሼ፣ የላክህልኝ ሊንክ እምቢ አለኝ» አለች። ሊንኩ የአንድ ኮሌጅ መመዝገቢያ ቅጽ ነው፤ ምዝገባው ሊዘጋ የቀረው ሦስት ቀን ብቻ ነበር። እርግጥ ቦንጋ ድረስ ሄዶ ኢንተርኔት ቤት ማስሞላት ይቻላል። ነገር ግን በዚያ ዝናብና በዚያ መንገድ ለመሄጃ፣ ለማደሪያና ለመመለሻ የሚወጣው ገንዘብ፣ ቡናው እስኪደርስ ድረስ የአክስቴን ቤት የሚያቆየው ብር ነው።

«ምን ብሎ ነው እምቢ ያለሽ?» አልኳት። «አይከፈትም» ብቻ ማለት ሐኪም ፊት ቀርቦ «አመመኝ» ብሎ ዝም እንደማለት ነው። የቱ ጋ ነው የሚያምህ መባሉ አይቀርም።

«በእንግሊዝኛ ሰዓትሽ ወደ ኋላ ቀርቷል ይለኛል። እኔ ደግሞ ከግድግዳው ሰዓት ጋር አስተያየሁት፤ አንድ ደቂቃ እንኳ አይለይም።»

እውነቷን ነው፤ ደቂቃው አይለይም። የተለየው ዓመቱ ነበር። ስልኩ ያገለገለ ነው፤ የሸጠላት ሰው ቀኑንም ሰዓቱንም በእኛ አቆጣጠር ሞልቶ ነው የሰጣት። በስልኩ ላይ 2017 ይላል። ለእኛ በጊዜው ያለንበት ዓመት ነው። ስልኩ ግን የሚያውቀው የፈረንጁን አቆጣጠር ብቻ ስለሆነ፣ ከስምንት ዓመት ገደማ በፊት ያለ መስሎት ተቀምጧል።

ይህ ሊንክ ከመክፈት ጋር ምን አገናኘው? ዛሬ አብዛኞቹ ድረ ገጾች «እኔ ነኝ፣ አስመሳይ አይደለሁም» የሚሉበት የምስክር ወረቀት አላቸው። አድራሻው ሲጀምር «ኤችቲቲፒኤስ» የሚለው ምልክቱ ነው። ወረቀቱ እንደ መንጃ ፈቃድ የተሰጠበትና የሚያበቃበት ቀን አለው፤ ዕድሜውም አጭር ነው፤ አንዳንዱ 90 ቀን፣ ረጅም የሚባለው ደግሞ ከአንድ ዓመት ብዙም አያልፍም። ስልኩ ገጹን ከመክፈቱ በፊት ወረቀቱን ከራሱ ቀን ጋር ያመሳክራል። በ2017 ያለ የመሰለው ስልክ በ2025 የተሰጠ ወረቀት ሲያይ «ይህ ገና ያልተሰጠ ነው፣ ሐሰተኛ ነው» ብሎ በሩን ይዘጋል። ጥፋቱ የድረ ገጹም የኔትወርኩም አይደለም። ለጥንቃቄ የተሠራው ዘብ ነው ባለቤቱን በር ላይ የሚያስቆመው።

ሰውን የሚያሳስተው ሌላም ነገር አለ። ቴሌግራም ሰዓቱን ከራሱ ማዕከል ጋር ስለሚያስተካክል እንዲህ ባለ ስልክ ላይም ይሠራል፤ መልእክት ይገባል፣ ፎቶ ይወርዳል። ሰውየው «ኔትወርክ አለኝ፣ ሊንኩ ነው የተበላሸው» ቢል አይፈረድበትም። በየቤቱ ስንት ደህና ሊንክ በዚህ ምክንያት ተወግዞ እንደቀረ እግዜር ይወቀው።

መፍትሔው የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። «ሴቲንግ» ውስጥ ገብቶ «ዴት ኤንድ ታይም» የሚለውን መክፈትና «አውቶማቲክ» የሚለውን ማብራት። የሰዓት ቀጣናው ናይሮቢ ወይም አዲስ አበባ መሆን አለበት፤ ሁለቱም ከግሪንዊች በሦስት ሰዓት የሚቀድሙ ናቸው። «ከዚያ በኋላ የእኛን ቀን በምን ልወቅ?» ለሚል ሰው በነጻ የሚጫኑ የኢትዮጵያ የዘመን መቁጠሪያ አፖች ሞልተዋል፤ ቀኑን ስልኩ ፊት ላይ ያስቀምጣሉ። ባትሪው ሙጥጥ ብሎ ሲያልቅ ቀኑን ወደ 1970 የሚመልስ አሮጌ ስልክም አለ፤ መብራት ሁለትና ሦስት ቀን በሚጠፋበት አካባቢ ይህ የተለመደ ነው። የአክስቴ ልጅ ቀኑን አስተካክላ ቅጹን በዚያው ምሽት ሞላች።

ከዚያ ወዲህ ዘመድ ወዳጁ «አልከፈት አለኝ» የሚለውን ሊንክ ሁሉ ወደ እኔ ይልክ ጀመር። አንዳንዱን ስመለከት ችግሩ ከስልኩ ሳይሆን ከገዛ ፊደላችንና ከአጻጻፋችን ሆኖ አገኘሁት።

በአማርኛ የተሰየመ ገጽ ሊንክ ልኮ የሚያውቅ ሰው ያስተዋለው ነገር ይኖራል። በአማርኛው ዊኪፔዲያ ስለ ቢታ ገነት የተጻፈ ገጽ አለ እንበል። ስልኩ ላይ አድራሻው በጥሩ አማርኛ ይነበባል። ኮፒ አድርገው ለሰው ሲልኩት ግን የመቶኛ ምልክት፣ የላቲን ፊደልና ቁጥር የተደባለቀበት ረጅም ጭራ ይሆናል። ቫይረስ የመሰለው አጎት «ይህን ነገር አትላኩብኝ» ብሎ ቤተሰቡን የተቆጣበት ቤት አውቃለሁ። ቫይረስ አይደለም። የኢንተርኔት አድራሻ ሕግ ሲወጣ በእንግሊዝኛ ፊደላትና በጥቂት ምልክቶች ብቻ እንዲጻፍ ሆኖ ነው። ፊደላችን ኮምፒውተሮች በሙሉ በሚግባቡበት ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬም በአድራሻ ውስጥ ሲጓዝ ተተርጉሞ ነው የሚሄደው፤ እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ቁራጭ ይሆናል፣ እያንዳንዱ ቁራጭ ደግሞ በሦስት ምልክት ይጻፋል። አንድ ፊደል ዘጠኝ ምልክት ሆነ ማለት ነው። «ቢታ ገነት» አምስት ፊደል ነው፤ በመካከሉ ካለው የታች ሰረዝ ጋር 46 ምልክት ይሆናል።

ርዝመቱ ብቻውን ጉዳት አልነበረውም፤ ጉዳቱ መንገድ ላይ መቆረጡ ነው። በአጭር የጽሑፍ መልእክት ሲላክ አንዱ መልእክት በእንግሊዝኛ ፊደል 160 ምልክት ይይዛል፤ አንድ የአማርኛ ፊደል ብትገባበት ግን ጠቅላላው ወደ 70 ይወርዳል። «እንደምን አለሽ እህቴ፣ ይህን ተመልከቺው» ብለው ከዚያ ሊንኩን ሲያስከትሉ መልእክቱ ለሁለትና ለሦስት ይከፈላል። ዘመናዊው ስልክ መልሶ ይገጣጥመዋል። አሮጌው ግን ለየብቻ ያሳያል፤ ሊንኩ ወገቡ ላይ ይቆረጥና የተቀባይዋ ጣት የነካው ግማሹን ብቻ ይሆናል። ሰላምታውን በአንድ መልእክት፣ ሊንኩን ብቻውን በሌላ መላክ ይሻላል። አንዳንድ ገጾች ደግሞ ረጅም ሊንክን አሳጥረው መጨረሻውን በነጠብጣብ ያሳያሉ፤ ያንን የሚታየውን ጽሑፍ ኮፒ ያደረገ ሰው ነጠብጣቡን ነው የሚልከው። ጣትን ሊንኩ ላይ ቆየት አድርጎ «ኮፒ ሊንክ» የሚለውን መምረጥ ነው የሚያዋጣው።

እንዲያውም ለእኔ ከሁሉ የሚገርመኝ ሰዋስዋችን የሚሠራው ሥራ ነው። አማርኛ ነገርን ሁሉ እርስ በርሱ ያጣብቃል። «በቴሌግራም»፣ «ከገጹ»፣ «ሊንኩን»። ይህንኑ ልማድ አድራሻው ላይ ስናመጣው «በ» ን ከፊቱ፣ «ን» ን ከኋላው እንለጥፍበታለን፤ ለምሳሌ «...ዶት ኮምን ተመልከቱ» ብለን አድራሻውን በእንግሊዝኛ ፊደል፣ «ን» ን በአማርኛ እናስከትላለን። ሰው ሲያነበው ይገባዋል። ስልኩ ግን የአማርኛ ፊደልም በአድራሻ ውስጥ ሊኖር እንደሚችል ስለተነገረው «ን» ን የስሙ ክፍል አድርጎ ይወስዳትና በዓለም ላይ የሌለ ድረ ገጽ ፍለጋ ይሄዳል። አራቱ ነጥባችንም እንዲሁ ነው። የእንግሊዝኛዋን አንድ ነጥብ ከሊንክ መጨረሻ ላይ ብታገኛት ብዙው አፕ «ይህቺ የዓረፍተ ነገሩ ናት» ብሎ ይተዋታል። «።» ን ግን የማያውቃት አፕ አለ፤ አብሮ ይጠቀልላትና ገጹ «አልተገኘም» ይላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ከሊንኩ በፊትም በኋላም ክፍት ቦታ መተው፣ ካልሆነም ሊንኩን ለብቻው አዲስ መስመር ላይ ማስቀመጥ። የተላከልዎ ሊንክ እንዲህ የተጣበቀበት ከሆነም ኮፒ አድርገው አድራሻ መጻፊያው ላይ ይለጥፉና የተጣበቀችውን ፊደል ያጥፏት። ስንት ጊዜ እንደሠራልኝ አልቆጠርኩትም።

ከዚሁ ጋር «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ» አሉ። «ሰ» እና «ሠ»፣ «አ» እና «ዐ»፣ «ጸ» እና «ፀ» ለጆሯችን አንድ ናቸው። ለኮምፒውተር ግን አይተዋወቁም። «ዓለም» ተብሎ የተሰየመን ገጽ «አለም» ብሎ በእጁ የጻፈ ሰው፣ ሌላ ሰው ካላቀናለት በስተቀር ሌላ በር ነው የሚያንኳኳው። የእኛው ዞን ስም ራሱ ጣጣ አለው። «ከፋ» ብሎ የሚጽፍ አለ፤ «ካፋ» የሚለው ደግሞ ትክክለኛው እሱ ነው ይላል፤ «ከፋ»ን እንደ ግስ ሲያነቡት ደስ የማይል ትርጉም ስላለው አልፈርድበትም። በእንግሊዝኛ ፊደል ሲሆን ደግሞ በአንድ «ኤፍ» ነው በሁለት፣ በ«ኤ» ነው በ«ኢ» እያሉ ሦስትና አራት ዓይነት ይጽፉታል። በስልክ «ካፋ ብለህ ጻፍ» ብሎ አድራሻ መንገር ስለዚህ ዋጋ የለውም። ፊደል በፊደል መቁጠር ያስፈልጋል። በተለይ ከድረ ገጹ ስም ቀጥሎ ካለው እዝባር በኋላ ትልቁና ትንሹ ፊደል ይለያያል፤ ዜሮና «ኦ» ም ተመሳስለው ብዙ ሰው ያሳስታሉ።

ስለ አሮጌ ስልኮች ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፤ በየቤተሰቡ የሚያጋጥም ነውና። አዲስ አበባ ያለው ልጅ አዲስ ሲገዛ አሮጌውን ለእናቱ ይልካል። ስልኩ ድምፁ ጥሩ ነው፣ ካሜራው ጥሩ ነው፣ ቀኑም ትክክል ነው፤ ግን ከሊንኮቹ ግማሾቹ «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» ይላሉ። ቀደም ብዬ ያነሳሁትን የምስክር ወረቀት የሚሰጡ ድርጅቶች አሉ፤ ስልኩ ሲሠራ የትኞቹን ማመን እንዳለበት ዝርዝር ይሰጠዋል። ለብዙ ሚሊዮን ድረ ገጾች በነጻ የሚያድለው ሌትስ ኢንክሪፕት የሚባለው ድርጅት የራሱ ማኅተም ከአንድሮይድ 7.1.1 በፊት በነበሩት ስልኮች ዝርዝር ውስጥ የለም። ሌላ አሮጌ ማኅተም ተውሶ ሲያስተናግዳቸው ቆይቶ ያ ብድር በመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. አብቅቷል። ስልኩ አልተበላሸም፤ ዝርዝሩ ነው ያረጀው። እንዲህ ባለ ስልክ ላይ ፋየርፎክስን መሞከር ይቻላል፤ ስልኩን ሳይጠይቅ የራሱን ዝርዝር ይዞ ስለሚሠራ ክሮም እምቢ ያለውን ሊከፍት ይችላል። «አስተማማኝ አይደለም» የሚለውን ማስጠንቀቂያ ረግጦ ማለፍ ግን፣ በተለይ የባንክ ወይም የይለፍ ቃል ነገር ካለበት፣ አልመክርም።

አንዳንዴ ደግሞ ነገሩ የሂሳብ ነው። ለቴሌግራም ወይም ለፌስቡክ ብቻ የሚያገለግል ጥቅል የገዛ ሰው በቻናሉ ውስጥ ያለችውን ሊንክ ሲነካ ከዚያ ግቢ ወጥቶ ወደ ሌላ ድረ ገጽ ይሻገራል። ጥቅሉ እዚያ አይሠራም። ነጩ ገጽ እየተሽከረከረ ይቀራል፤ ወይም ዋናው ሂሳብ ካለ ብሩ ይበላል። ለቤተሰብ ሊንክ ከመላክ የጽሑፉን ዋና ቃል እዚያው መገልበጥ ወይም ስክሪን ሾት መላክ የሚበጀው ለዚህ ነው።

ፈቃድ የሌለበት ሊንክም አለ። በጉግል ድራይቭ የተቀመጠ ሰነድ ላኪው «ሊንኩ ያለው ሁሉ ይየው» የሚለውን ካልመረጠ ተቀባዩ «ፈቃድ ጠይቅ» የሚል ገጽ ብቻ ነው የሚያየው። የሠርግ ፎቶ፣ የማስታወሻ ጽሑፍ፣ የተማሪ ዎርክሺት ሁሉ በዚህ ይታገዳል። ላኪው ሲሞክረው ይከፈትለታል፣ የራሱ ነዋ! «እኔ ጋ እኮ ይሠራል» የሚለው ክርክር የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ከመላክዎ በፊት በባለቤትዎ ወይም በልጅዎ ስልክ ይሞክሩት።

የሞተ ሊንክ የሚባለው ደግሞ የተለየ ነው። «404» የሚል ቁጥር ካዩ ስልክዎም ኔትወርኩም ደህና ናቸው፤ ቤቱ ደርሰዋል፣ የፈለጉት ክፍል ግን የለም። በ5 የሚጀምር ሦስት አሃዝ፣ ለምሳሌ 500 ወይም 503፣ ከሆነ ችግሩ ከድረ ገጹ ወገን ነው፤ ቆይቶ መሞከር እንጂ ስልክ መቀጥቀጥ አያስፈልግም። የፈተና ውጤት በሚወጣበት ቀን የሚታየው ብዙውን ጊዜ ይኸኛው ነው፤ አገር ሙሉ በአንድ ሰዓት አንድ በር ላይ ስለሚጋፋ። በእኛ አገር 404 የሚበዛው መሥሪያ ቤት ስሙን በቀየረ ቁጥር ነው። የአገር አቀፍ ትምህርት ምዘናና ፈተናዎች ኤጀንሲ የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ሲሆን የድረ ገጹ አድራሻም አብሮ ተቀየረ። በውጤት ሰሞን ግን የድሮውን አድራሻ ዛሬም ፎርዋርድ የሚያደርግልኝ ሰው አለ። ካፋም ከኅዳር 2014 ዓ.ም. ጀምሮ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ውስጥ ነው፤ ከዚያ በፊት ስለ ዞኑ የተጻፈን ሰነድ የሚፈልግ ሰው በደቡብ ክልል ስም መፈለግ ይኖርበታል። ገጹ ጨርሶ ከጠፋ ዌይባክ ማሽን የሚባል የድረ ገጾች መዝገብ ቤት አለ። የሞተውን ሊንክ እዚያ ሲለጥፉት ገጹ በሕይወት ሳለ ተነሥቶ የተቀመጠ ቅጂ ካለ ያወጣልዎታል። እኔ ለሟች አባቴ ጓደኛ አንድ የድሮ ጽሑፍ ያገኘሁለት በዚህ ነው፤ ሁለት ቀን ሙሉ ሲያመሰግነኝ ከረመ።

በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተዘግተው እንደነበር አንባቢ አይረሳም። ያኔ ቪፒኤን ያልጫነ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። የዚያ ዘመን ቅሪት ዛሬም በብዙ ስልክ ላይ በርቶ ተቀምጧል። ቪፒኤን የበራበት ስልክ ሌላ አገር ያለ ስለሚመስል አንዳንድ የአገር ውስጥ ገጽና የባንክ አፕ አልቀበልም ይላል። ሊንክ ያለ ምክንያት ሲያስቸግር ስልኩ አናት ላይ የቁልፍ ምልክት ወይም «ቪፒኤን» የሚል ጽሑፍ እንዳለ ማየት ነው።

እስካሁን መከፈት ስላለበት ሊንክ ነው ያወራሁት። መከፈት የሌለበትም አለ፤ ያሳሰበኝም እሱ ነው። ሊንክ እምቢ ሲል ሰው ይበሳጭና በቡድኑ ውስጥ «የሚሠራ ያለው ይላክልኝ» ይላል። አጭበርባሪ የሚጠብቀው ይህችን ሰዓት ነው። የውጤት መመልከቻ የሚመስል ገጽ ይልካል፤ የተማሪውን ቁጥር ከሞሉ በኋላ ስልክ ቁጥር፣ ከዚያ የቴሌብር ምስጢር ቁጥር ወይም በመልእክት የሚመጣ ኮድ ይጠይቃል። ውጤት ለማየት የምስጢር ቁጥር የሚጠይቅ መሥሪያ ቤት የለም። የገጹን ባለቤት ለማወቅ አድራሻውን ከመጀመሪያው ሳይሆን ከመጀመሪያው ነጠላ እዝባር ወደ ኋላ ያንብቡ። የመንግሥት ገጽ ከሆነ ከእዝባሩ በፊት ያለው የመጨረሻ ቃል በአብዛኛው «ዶት ጎቭ ዶት ኢቲ» ነው። «ጎቭ» ና «ኢቲ» የሚሉት መሐል ላይ ገብተው መጨረሻው ሌላ ከሆነ ይተዉት። በዚያ ነሐሴ የአክስቴ ልጅም ሦስት እንዲህ ዓይነት ሊንክ ደርሷት ነበር፤ ደግነቱ፣ ሳቋን መቆጣጠር እያቃታት እንደነገረችኝ፣ ስልኳ በ2017 ላይ ስለቆመ እነሱንም አልከፈተም።

ሳልረሳው፣ በየማስታወቂያ ሰሌዳው ስለሚለጠፈው ወረቀት። በአንድ ከተማ ሰሌዳ ላይ በኮምፒውተር የተጻፈ የምዝገባ ማስታወቂያ አየሁ፤ ከግርጌው በሰማያዊ ቀለም፣ ከሥሩ ተሰምሮ፣ «ለመመዝገብ እዚህ ይጫኑ» ይላል። ሁለት ልጆች ፊቱ ቆመዋል። አንዷ በጣቷ ወረቀቱን ነካ አድርጋ ጓደኛዋን አሳቀቻት። ማስታወቂያ የምትለጥፉ ሰዎች፣ አድራሻውን ሙሉውን በትልቁ ጻፉልን፤ አጠር ያለ ሊንክ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ደግ ነው፤ አጠገቡ በካሜራ የሚነበበውን ባለ አራት ማዕዘን ኪውአር ኮድ አትሙበት። ወረቀቱንም ዝናብ የማይመታው ግድግዳ ላይ።